በእበት የተመረገው ወይራ

እንጨት መሸጥም ሥራ ነው ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ቆርጦ፣ ፈልጦ፣ አስሮ መስጠት ነው ይላል። እንዲህ የሚለውን ሰው በሐምሌ እርጥብ እንጨት ይግዛና እንየው። ምድጃ ሥር ተደፍቶ እፍ ሲል፣ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር፣ ድስቱ እንደ ቀዘቀዘ ሲያመሽ ያኔ የዝናሽ ሥራ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ዝናሽ ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ባጃጆች በሚታጠፉበት መንገድ ዳር እንጨት መሸጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል። ግቢዋ ውስጥ የሚታየው ቤት ሳይሆን ክምር ነው። ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ፍልጥ ታነሣና እርስ በርስ ታጋጫለች። እርጥብ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ የደረቀ እንደሆነ ጥርት ብሎ ኳ ይላል። ኳ ያላለውን አትሸጥም፤ ለምነዋትም አትሸጥም፤ ተቆጥተዋትም አትሸጥም። ክፉ ናት የሚሏት አሉ። ግን የሚሏትም ተመልሰው የሚገዙት ከእሷው ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ባሏ ካሳ ነበር። ካሳ የጋዝጊብላ ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው። አማርኛውም ቢሆን አይጎድልም ነበር፤ የሚጎድለው ወሬው ነው። ባሕር ዛፍ ገና እርጥብ ሳለ መፈለጥ እንዳለበት፣ ልጡ መላጥ እንዳለበት፣ መሬት ሳይነካ በድንጋይ ላይ መደርደር እንዳለበት፣ ላዩ ቢሸፈንም ጎኑ ለነፋስ መተው እንዳለበት በእጁ እያሳየ እንጂ በአፉ ነግሯት አያውቅም። ለምን ዝም ትላለህ ስትለው ዝም አይነቅዝም ይላታል። የሃያ ዓመት ትዳራቸው በዚች በአንዲት ተረት ኖሯል ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም።

መንገዱ በተዘጋበትና መብራት በጠፋበት በዚያ ክፉ ዓመት ከተማው ያገኘውን ሁሉ አነደደ። መጀመሪያ ክምሩን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ በኋላም አልጋና መዝጊያ። የዝናሽ ግቢ በሁለት ወር ባዶ ሆነ፤ የተሸጠው ግን ጥቂት ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት በር ላይ ቆማ ስታይ ዝናሽ እጇ አይታጠፍም። አምስት ፍልጥ ስጪ ብትባል አሥር ትሰጣለች። ካሳ እያየ አልከለከላትም።

በዚያው ሰሞን ካሳ ሁለት አህያ ተውሶ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት የወይራ ግንድ እያስጎተተ አመጣ፤ ሁለቱ ረጃጅም፣ አንዱ አጠር ብሎ ወፈር ያለ። ከየት ነው ብትለው ይድረቅ ብቻ አላት። ከጓሮው ጥግ ድንጋይ አነጠፈላቸው፤ አጋደማቸው፤ በአሮጌ ቆርቆሮ ከደናቸውና ከፊታቸው የጭድ ጆንያ ደረደረ። ያን ጊዜ አንድ ግንድ ለአንድ ሰፈር የሳምንት እራት ያበስል ነበር። ዝናሽ እንፍለጠው ብላ ጠየቀችው፤ አልሰማትም። በትዳራቸው ከተኮራረፉባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ያ ነበር።

ክፉው ዓመት አለፈ፤ መንገዱ ተከፈተ። ካሳ ግን ብዙ አልቆየም። በአንድ ሳምንት ሕመም፣ ስለ ምንም ነገር ሳይናገር ሄደ። ዝናሽ አለቀሰች፤ አርባውን አወጣች፤ ከዚያም ፋሱን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች። ሌላ ምን ታድርግ?

ዘንድሮ የግንቦት ዝናብ ቀድሞ ገባ። ፍቅርአዲስ የምትባል የቆየች ደንበኛዋ ደግሞ የእናቷን ተዝካር ከሰኔ ጾም በፊት ማውጣት ነበረባት። ለጠላውም ለወጡም የሚበቃ፣ ሳይጨስ የሚነድ እንጨት አዘዘች። የዝናሽ ባሕር ዛፍ ከሁለት ወር በፊት የተፈለጠ ስለነበር አንሥታ ብታጋጨው ድምፁ ታፈነ። አይሆንም ልትል አፏን ስትከፍት የካሳ ወይራ ትዝ አላት። አራት ዓመት የደረቀ ወይራ! ከዚህ የተሻለ እንጨት በሰቆጣ የለም። አለኝ አለቻት፤ አለችና ምትኩን አስጠራች።

ምትኩ እንጨት ፈላጭ ነው፤ የካሳ አገር ልጅ ነው፤ ፋስ ሲያነሣ ትከሻው በር ይሞላል። ቆርቆሮውን አነሡ፤ ጆንያውን ገለል አደረጉ። የአራት ዓመት አቧራ ስለነበረበት የግንዶቹን ጫፍ ማንም ልብ አላለውም። ምትኩ ከወፍራሙ ጀመረ። ሽብልቁን ከጫፉ ሰካ፤ መታ፤ ግንዱ ጮኸና ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እስከ መሐል በቀላሉ ሄደና ቆመ። ምትኩ ፋሱን ከፍ አድርጎ መሐሉን ሲመታው ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ፤ የፋሱ ስለት ተሸረፈ።

ጎንበስ ብለው አዩ። እንጨቱ ውስጥ ሰንሰለት አለ። ከውጭ አስገብተውት አይደለም፤ ዛፉ ራሱ እያደገ፣ ዓመት በዓመት እየዋጠ፣ ሥጋው ያደረገው ሰንሰለት ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ወይራ ላይ ሰንሰለት ለምን እንደሚታሰር ያውቃል። የድንጋይ ደወል ይንጠለጠልበታል።

ምትኩ ፋሱን አስቀመጠና አማተበ። ከዚያም የሚያውቀውን ነገራት። በዚያ ክፉ ዓመት የመንደራቸው የኪዳነ ምሕረት የደወል ዛፍ በሌሊት ተቆርጦ ተገኘ። ቅርንጫፉ እዚያው ነድዷል፤ ግንዱ ግን በማግስቱ ጠፋ። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ሕዝቡ በተሰበሰበበት ገዘቱ፤ የወሰደ ይመልስ፣ ሳይመልስ የቀረ ግን የተገዘተ ይሁን አሉ። ማንም አልመለሰም።

«እታለም፣ ካሳ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው» አላት ምትኩ። «ሙት ወቃሽ አያድርገን። እኔ አላየሁም። አንቺም አንድጂው፤ ብረቱን ቅበሪው፤ አለቀ።»

ምትኩ ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው እንዲህ ያለው። ዝናሽ ግን ጉቶው ላይ ተቀመጠች። ሌባ መባሉ አይደለም ያስፈራት። ካሳ በግዝት ውስጥ ሆኖ ሞቷል ማለት ነው። አርባው ላይ የተበላው፣ የተደገመው፣ የተለቀሰው ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ነፍሱ የት ናት? እንጨቱን ብታነደው ሰው አያውቅም፤ ካሳ ግን ለዘላለም ያልመለሰ ሆኖ ይቀራል። ወስዳ ብትመልሰው ደግሞ የሃያ ዓመት ባሏን በገዛ አፏ ሌባ ብላ በአገሩ ሰው ፊት ማቆሟ ነው፤ እናቱ በተቀበሩበት ደጅ።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት። ለፍቅርአዲስ ደረቅ እንጨት የለኝም ብላ ላከችባት፤ ፍቅርአዲስም ተቀየመች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዝናሽ ወደ ጓሮ ሄደች። ልታነደውም ልትመልሰውም አልነበረም፤ ዝም ብላ ልታየው ነው። ረጃጅሞቹን ግንዶች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻቸው። አቧራው ሲነሣ ከጫፋቸው ላይ የደረቀ ነገር አየች። በጥፍሯ ፋቀችው፤ አሸተተችው። እበት ነው። እበትና አመድ ተለውሶ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተደራርቦ የተመረገ።

እንግዲህ ይህን ነገር የእንጨት ሰው ካልሆነ አያውቀውም። እንጨት ውሃውን ቶሎ የሚተፋው በጫፉ በኩል ነው፤ ቸኩሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሞፈር፣ ሙቀጫ ወይም የበር መቃን የሚሆን እንጨት ስለዚህ ጫፉ ይመረጋል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆስል እንዲደርቅ። ማገዶን ግን የሚመርገው የለም። ማገዶ ቢሰነጠቅ እሰየው ነው። ካሳ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ የማገዶ ግንድ እንኳ መርጎ አያውቅም። ደግሞስ ማገዶ ቢሆን እንዲህ ረዥም አድርጎ ለምን ይተወዋል?

ለእሳት አልነበረም። ይህን ያህሉን አወቀች። ለምን እንደነበረ ግን አላወቀችም፤ ለአናጢ ሊሸጠው አስቦ ከሆነስ? እርግጠኛ ሳትሆን ነው የተነሣችው። ምትኩን ጠራችና ወደ ጋዝጊብላ ገበያ የሚሄድ አይሱዙ አፈላልግ አለችው።

መኪናው ከሚያደርስበት ወዲያ ሰዎች ግንዶቹን በትከሻ ተሸከሙ። ዝናሽ ከኋላ ሆና መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ እንዴት ብዬ እጀምራለሁ? ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ መጀመሪያ ያየችው ደወሉን ነው። በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ አግዳሚ ጥለው ድንጋዩን በገመድ አንጠልጥለውታል። ቋሚው በእርጥቡ የቆመ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ተጣሞ፣ በድንጋይ ተደግፏል። በሐዘኗ ውስጥ ሆና እንኳ ተናደደች። ይህን ያቆመው ማነው ልትል ምንም አልቀራትም።

ቄስ ወልደ ሐዋርያት መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ዝናሽ መስቀል ተሳለመችና ያሰበችውን ሁሉ ረስታ እንዲሁ ተናገረች።

«አባ፣ ዛፉን የወሰደው ካሳ ነው። ባሌ ነው። እሱ ሞቷል፤ እኔ አምጥቼዋለሁ።»

ቄሱ ግንዶቹን ዞረው አዩ፤ እበቱን በጣታቸው ነኩት። ይህን ማን መረገው ሲሉ እሱ ነው አለቻቸው። ከዚያ ለምን እንደሚመረግ አስረዳቻቸው።

ዛፉን የቆረጡት መንገደኛ ታጣቂዎች መሆናቸውን ቄሱ ያውቁ ነበር፤ ካሳ ያነሣው የወደቀውን ነው። ባያነሣው ኖሮ እንደ ቅርንጫፉ ይነድ እንደነበር አሁን ገባቸው። ሌላም ትዝ አላቸው። መንገድ እንደተከፈተ እነዚህን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ሲያቆሙ ካሳ እዚህ መጥቶ ነበር።

«አሁን አታቁሙ፤ ሁለት ዓመት ታገሡኝ፤ የማይሰነጠቅ አመጣላችኋለሁ አለኝ» አሉ። «እኔ ግን ነጋዴ ስለሆነ እንጨቱን ሊሸጥብኝ መሰለኝ። በሰው ፊት ሳቅሁበት። እሱም አልመለሰልኝም፤ ወጥቶ ሄደ።»

ዝናሽ ካሳን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ሲስቁበት አፉን ገጥሞ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ራሱ ይናገራል ብሎ ሲመለስ። ለእሷም ያልነገራት ለምን እንደሆነ ገባት። በዚያ ክፉ ዓመት የታቦት እንጨት ነው ብትባል እንኳ፣ በር ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታ ትፈልጠው ነበር። ያውቃታላ። ተናደደችበት፤ ወዲያው ደግሞ እውነቱን ነው አለች።

«ግዝቱስ፣ አባ?» አለች።

«እኔ የገዘትሁት ያልመለሰውን ነው። ካሳ መልሷል። ይቅርታ መለመን ያለብኝስ እኔ ነኝ» አሉ። «የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

«ወልደ ጻድቅ።»

ያን ጊዜ ዝናሽ አለቀሰች። በአርባው ካለቀሰችው ይበልጥ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ የካሳን ነገር ለሕዝቡ ነገሩ፤ ራሳቸውንም ወቀሱ። ምትኩና የመንደሩ ወንዶች ረጃጅሞቹን ወይራዎች አቆሙ። አሮጌዎቹን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ውሰጂና ሽጫቸው ቢሏት ዝናሽ እጇን አወናጨፈች፤ ለቤተልሔሙ ምድጃ አድርጉት አለች። የቀረው አግዳሚው ነበር። ለአግዳሚ የሚበቃው ያ ወፍራሙ ግንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ መሐሉ ተሰንጥቋል። ሌላ እንፈልግ አሉ አንዳንዶች፤ ስንጥቁ እያደር ሄዶ ድንጋዩን ይጥለዋል ብለው ፈሩ።

ዝናሽ ወደ ግንዱ ቀረበች። የሽብልቁን ቁስል በጣቷ ተከትላ ሰንሰለቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ካሳ ለአራት ዓመት ሳይሰነጠቅ ያቆየውን እሷ በአንድ ጠዋት ሰነጠቀችው፤ ለሁለት እንዳይከፈል የያዘው ይህ ብረት ነው። አንድ ፍልጥ አነሣችና ግንዱን መታችው። ኳ አለ። ድምፁ ከቅጥሩ ውጭ ድረስ ሄደ።

«ስቀሉት» አለቻቸው። «ይሄ የኔ ስንጥቅ ነው። እንጨቱ ግን ደርቋል፤ ከዚህ ወዲያ አይሄድም።»