ጃርቷና የሐጂ እንሰት

ባሌ ጃርቷን ያመጣት በክትባት ሣጥኑ ውስጥ ነው። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው ነገሩ፤ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። እሱ ቡታጅራ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆኖ ሲመደብ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ከአዲስ አበባ ተከተልኩት። ሥራው የመስቃንን ገጠር እየዞሩ በሬና ላም መውጋት ስለሆነ ጠዋት ይወጣል፣ አንዳንዴም ወጥቶ ሳምንት ይቆያል። ሲመለስ ገበሬዎቹ ቅቤ ወይ ማር ሳይሰጡት አይቀሩም። ስለዚህ ያን ቀን ሣጥኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሲቆም እኔ የጠበቅኩት ቅቤ ነበር። አቋቋሙ ግን ደስ አላለኝም።

"ምን አምጥተህ ነው?" አልኩት።

"እንዳትቆጪ" አለ።

ደሜ የፈላው ያኔውኑ ነው። ሣጥኑን ስከፍት መዳፍ የምታህል፣ እሾኋ እንኳ በቅጡ ያልጠነከረ የጃርት ግልገል አፍንጫዋን አንስታ ታሸተኛለች። ለካ ገበሬዎቹ እንሰታቸውን የጨረሰባቸውን ጃርት ጉድጓድ ቆፍረው እናቲቱን ገድለዋታል። ልጅቱ ብቻዋን ቀርታ ስትንቀጠቀጥ አይቶ ጥሏት መምጣት አልሆነለትም።

"ሰው ለሙሽራው ቀሚስ ገዝቶ ይገባል" አልኩት፤ "አንተ ጃርት!"

እሱ ግን ወተት አፍልቶ አቀዘቀዘና መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረገ አጠጣት። በሁለት እጇ ስሪንጁን ይዛ ስትጠባ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ስትጨርስ እግሬ ሥር መጥታ ተኛች። አንጀቴን በላችው።

ጠቡ የተጀመረው በምግቧ ነው። ባሌ ስለ ላም የሚያውቀውን ሁሉ ጃርቷ ላይ ያውለዋል። እስክታድግ ወተት ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር አንጀቷን ያበላሸዋል ይላል። እኔ ደግሞ ጥርስ ያላት ፍጥረት እንዴት በወተት ብቻ ትኖራለች እላለሁ። የአልጋችንን እግር ግዝግዝ አድርጋ መብላት ስትጀምር ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ። ምን እንደምትበላ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

የተከራየነው ቤት የአንድ ሐጂ ነው። ከጓሮው በኩል እንሰታቸው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት በሚፍቁበት ቀን ልርዳ ብዬ ሄጄ ከመሃላቸው ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ፋቅሁና በሦስተኛው እጄን ፋቅሁ። ሴቶቹ በጉራጊኛ አንድ ነገር ተባብለው ሳቁብኝ። እትዬ አዝነውልኝ አሚቾ፣ ያ የተቀቀለው የእንሰት ሥር፣ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ግማሹን በልቼ የተረፈውን ይዤ ገባሁ። ጃርቷ ሽታውን ስታገኝ እሾኋን አንኮሻኩሻ ከአልጋው ሥር ወጣች፤ እኔ ጎንበስ ሳልል ከእጄ ነጠቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ወተት ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። እትዬ ራሳቸው ጥሬውን ሥር ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ "ትብላ፣ ነፍስ ናት" እያሉ ይሰጡኛል። ባሌ ተቆጣ፤ "የጅብ ልጅ ብታሳድጊ በግ ታለማምጂያታለሽ ማለት ነው" አለኝ። ቅናት መሰለኝ እንጂ ነገሩ አልገባኝም። ሐጂ ደግሞ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ያልፉና "ልጄ፣ ሌባ እያሳደግሽልኝ ነው" ይሉኛል፤ እኛ እንስቃለን።

በቀልድም ቢሆን ለማንም አሳልፌ አልሰጣትም ነበር። ባሌ ገጠር ሲወጣ ቤቱ ጭር ይልብኛል። ጎረቤቶቼ ደግ ናቸው፣ ግን እርስ በርስ ሲጫወቱ በቋንቋቸው ነው። እኔን ሲያዩ ደግሞ ወደ አማርኛ ይመለሱልኝና ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እኔም እንዳልረብሻቸው ብዬ እገባለሁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጃርቷ ነቅታ እግር እግሬን ትከተላለች፤ እናቴ ምን እንዳለች፣ ምን እንደናፈቀኝ፣ ወጡ ለምን እንዳረረብኝ ሁሉ ለሷ ነው የማወራው። ባሌ ሲመለስ "እንዴት ሰነበትሽ?" ይለኛል፤ "ደህና" እለዋለሁ።

አንድ ጠዋት ታዲያ ጉድ ፈላ። ሐጂ ለልጃቸው ሰርግ ብለው ዓመታት ያቆዩት፣ ከግቢው ሁሉ ወፍራሙ እንሰት ተጋድሞ ተገኘ። ከሥሩ ተቦርቡሯል። ጃርቷም ሆዷን ነፍታ እኛ ቤት አልጋ ሥር ተኝታለች።

ሐጂ ሲቆጡ ድምፃቸውን አያነሱም። ከነጋዴ ጋር እንደሚዋዋሉ ሁሉ በረንዳችን ላይ ተቀመጡ። "ዶክተር" አሉት ባሌን፤ ዶክተር ሳይሆን እንዲያ ነው የሚጠሩት። "እናንተ ልጆቼ ናችሁ። ልጄ አውሬ ቢያሳድግ አልከለክልም። እንሰት ሲበላ ግን ሰው የሚያደርገውን ታውቃለህ። እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ደም ማየት አልወድም። ጎረቤት ግን እንደኔ አይታገስም።" ቡናም አልጠጡ፣ ተነስተው ሄዱ። እትዬ ያን ቀን ከጓሮ አልወጡም፤ ግማሹን ቁራጭ ያበሉት እሳቸው መሆናቸውን ሐጂ አያውቁማ።

"ወደ ዱር መመለስ አለባት" አለ ባሌ።

"በሣጥንህ ይዘህ ስትመጣ ዱርነቷ ጠፍቶህ ነበር?"

"ያኔ ትሞት ነበር።"

"አሁንስ? ሰው ስታይ ሮጣ የምትመጣ ጃርት የት ትለቃታለህ? ዘቢዳር ተራራ ሥር? እዚያም እንሰት ነው። እምድብር ብትወስዳትም እንሰት ነው። አንዱ ጓሮ ገብታ በማግስቱ በጦር ይወጓታል።"

እውነቴን እንደሆነ ገባው። ማታ ላይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዝዋይ በኩል ቆላ ወርዶ እንደሚከትብ፣ እዚያ ግራርና በቆሎ እንጂ እንሰት እንደሌለ ነገረኝ። እኔም እሄዳለሁ አልኩ።

"የመሥሪያ ቤት መኪና ሚስት አይጭንም።"

"ጃርት ይጭናል?"

ጫነን። ሁለታችንንም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመንደር ራቅ ካለ ግራር ሥር ሣጥኑን ከፈትነው። ወጣች፣ አሸተተች፣ ተመልሳ እግሬ ሥር ቆመች። ትንሽ ገፋ አደረግኋት፣ ተመለሰች። ባሌ በእግሩ መሬቱን ደበደበ። ደንግጣ እሾኋን ሁሉ አቁማ ዞረች፤ ዞራ ያንኮሻኮሸችው በእኔ ላይ ነው። ከዚያ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች፣ አልተመለሰችም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። መናደዴም ነው፣ ማዘኔም ነው።

ባሌ ራሱ ነበር የሚነዳው። ጥቂት ከሄድን በኋላ ሊያጽናናኝ ፈለገ። "ተይ በቃ" አለ፤ "ልጅ ናት። አገሩን ትለምደዋለች።"

"አንተ በምን ታውቃለህ?" አልኩት። "ከቤቷ አንስተህ የማታውቀው አገር ጣልካት፣ ትለምደዋለች ብለህ ደግሞ ትፈርዳለህ። እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?"

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ መንዳቱን ቀጠለ። ዳገቱን ወጣን። እንሰቱ እንደገና ግራና ቀኝ መታየት ሲጀምር መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ ፈራ ተባ እያለ፣

"ለመድሽው?" አለኝ።

"አልለመድኩም" አልኩት። ከተጋባን ወዲህ እንዴት እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ እውነቱን ስነግረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።