በየቅዳሜው ልደቴ ነበር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ልደት ላይ ተጠርቼ ቢላ አቀበሉኝ። «ትልቅ ሰው ይቁረሰው» ተባለና ድፎው ፊቴ መጣ። ገና ትኩስ ነው፤ የኮባው ሽታ ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲገባ ሁለቱንም እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግኋቸው። «ባለልደቱ እያለ እኔን ምን አገባኝ» ብዬ አሳቅኋቸውና አለፍኩ። እነሱ ሲስቁ እኔ ግን ናዝሬት ገብቼ ነበር፤ መስኮቱ ተዘግቶ ሰው በላብ የሚጠመቅበት የእናቴ ሳሎን ውስጥ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እናቴ ጴንጤ ነበረች፤ ያኔ ቃሉ ስድብ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ምእመናኑ በየቤቱ ተከፋፍለው መሰብሰብ ጀመሩ። እኛ ቤት የሚመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን አሥር ቢሆኑ ነው። አሥር ሰው ያለ ምክንያት አንድ ቤት ውስጥ ቢገኝ ደግሞ ቀበሌ ያስጠራል። ምክንያት አስፈለገ፤ ምክንያቱ እኔ ሆንኩ። ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ፣ ቢላና ጥቂት ለስላሳ ይደረደራል፤ ሰው ድንገት ቢመጣ የልጅቷ ልደት ነው ይባላል። በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተወለድኩ እግዜር ይወቀው። ማንም ሳይመጣ ከዋለ ዳቦው እንደ ተቀመጠ ያድርና የእሑድ ቁርሳችን ይሆናል።

አባቴ ምድር ባቡር የሚሠራ የሸዋ ኦርቶዶክስ ነበር። ከእነሱ ጋር አይጸልይም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሩን በረንዳ ላይ ያወጣና ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። የማያውቀው ሰው ወደ በሩ ከመጣ ጮክ ብሎ ያስላል። «ማርያምን፣ ለጴንጤ ዘበኛ ሆኜ ልጸድቅ ነው» እያለ እናቴን ያበሽቃት ነበር።

በሽታው የመጣው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። እስከ ረፋድ ድረስ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆኑና ከዚያ ቀስ እያሉ ይላላሉ። ተኝቼባቸው ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ አንጓዎቼ አበጡ፣ ጉልበቴ ተከተለ፣ እስክሪብቶ መያዝ ሥራ ሆነ። የሰፈሩን ልጆች ሹሩባ የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳችን ላይ ወረፋ ይያዝ ነበር። አንድ ቀን የአንዷን ልጅ ፀጉር ግማሹን ሠርቼ ግማሹን ሳልጨርስ «ሰለቸኝ» ብዬ ላክኋት። ልጅቷ ግማሽ ራሷን ይዛ እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ በኋላ ማንንም አልሠራሁም። ለምን ሲሉኝ ፈተና ደርሶብኛል እላለሁ።

ከሁሩታ የመጣች ጎረቤታችን እጄን አገላብጣ አየችና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ቁርጥማት ነው፤ ሶደሬ ወስዳችሁ ፍል ውሃ አስገቧት» አለች። ወሰዱኝ። ውሃው ውስጥ ሳለሁ ሕመሙ ጋብ ይልና ወጥቼ ልብሴን ስለብስ ይመለሳል። አባቴ በመጨረሻ በባቡር አዲስ አበባ ወሰደኝ።

ሐኪሙ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ደም ተቀዳሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቁጭ አድርጎ ነገረን። የሽማግሌዎች ቁርጥማት አይደለም አለ፤ ሩማቶይድ የሚባል ስም ጠራልን። «ሰውነታችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁን ወታደሮች አሉ። ያንቺዎቹ ጠላትና ወገን መለየት አቅቷቸው የገዛ አገራቸው ላይ ተኩስ ከፍተዋል» አለና የተናገረው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲደርሰው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። አባቴም አየ።

«መቼ ይለቃታል?» አለ አባቴ።

«አይለቃትም፣ ጋሼ። መድኃኒቷን በሥርዓት ከወሰደች ግን አብራው ትኖራለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። «በድንገት እንዳታቋርጪ። ይሄን እንዳትረሺ።»

ኪኒኑ ትንሽ፣ ነጭ፣ እንደ እሬት የሚመር ነበር። በባቡር ወደ ናዝሬት ተመለስን። እኔ በመስኮቱ የግራር ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ እያየሁ «አይለቃትም» የሚለውን ቃል ደጋግሜ በሆዴ እለው ነበር። አላለቀስኩም። ነገሩ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር፤ የተሳሳተ ሻንጣ ይዤ ከባቡር የምወርድ፣ ባለቤቱ መጥቶ የሚወስድልኝ።

እናቴ ስትሰማ ተቆጣች። «እሱ ማነውና ነው ልጄን ዕድሜ ልክ የሚፈርድባት? ዳኛ ነው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታየኝ እጄን ነው የምታየው። ቡና ስቀዳ፣ ጫማዬን ሳስር፣ ደብተር ስገልጥ ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ነው። ከሕመሙ ይልቅ ዓይኗ ከበደኝ። በናዝሬት ሙቀት ሹራብ ለብሼ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እውል ጀመር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ውጪ ሲለኝ «አላጠናሁም» እላለሁ፤ ጎበዟ ተማሪ ሰነፍ መባልን መረጥኩ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ጣቶቼን እሰድባቸው ነበር፤ ምን አደረግኋችሁ እላቸዋለሁ።

ኪኒኑን ከጀመርኩ በሁለተኛው ወር ቅዳሜ ሊጸልዩልኝ ተስማሙ። የሚመራቸው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ተስቧል፣ ቆርቆሮው ከላይ በፀሐይ ይንጣጣል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። አሥር ሰው በአንድ ላይ በሹክሹክታ ሲዘምር ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እንደ ዝናብ ነው የሚሰማው። እጃቸውን ራሴና ትከሻዬ ላይ ጫኑ። እናቴ ሁለቱን እጆቼን ይዛ ዓይኗን ጨፍና እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ሕመሙ ትንሽ ቀዘቀዘ ወይስ ሙቀቱ አደንዝዞኝ ነው፣ ዛሬም መለየት አልችልም።

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «ለቀቀሽ?» አለች።

ያን ፊት ብታዩት አትፈርዱብኝም። ልጇን በእጇ ላይ አስቀምጠው ሊመልሱላት ወይም ሊወስዱባት ያሉ ይመስል ነበር።

«አዎ፣ እማዬ። ለቀቀኝ።»

እልል ልትል አፏን ከፈተችና ቀበሌው ትዝ አላት። ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ውስጥ ወተፈችና እልልታዋን እዚያው ውስጥ አለችው። ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፅ ግን የለም። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ወዲያው ከብፌው ላይ የኪኒኑን ብልቃጥ አነሣች። አስተማሪው «እሱን እንኳ ሐኪሙ ቢያየው ይሻላል፣ እታለም» አላት፤ እሷ ግን ጓሮ ወጥታ ሽንት ቤት ጨምራው ተመለሰች። አባቴ በኋላ ሲሰማ «አንቺ ሴት፣ ምነው!» ብሎ ተነሣና ወደ እኔ ዞረ። ሳቅኩለት። ሳቄን አይቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ሳምንታት በምን ልንገራችሁ። ሐኪሙ ያላቸው ወታደሮች ልጓማቸው ወለቀ። ከሁሉም ቀድሜ እነሣና እጆቼን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ እናቴ ሳትነቃ አላላቸዋለሁ። የዩኒፎርሜን ቁልፍ በጥርሴ እየጎተትኩ እቆልፋለሁ። እናቴ በየቅዳሜው ተነሥታ ስለ እኔ ትመሰክራለች፤ እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። እውነቱን ብናገር እናቴን ብቻ ሳይሆን እግዜርንም የማዋርድ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ አንዳንዴ፣ ያልዳንኩት ስለዋሸሁ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። መውጫ አልነበረኝም።

በስድስተኛው ቅዳሜ አባቴ ሲያስል ሰማን። መጽሐፍ ቅዱሶቹ ከፍራሽ ሥር ገቡ፣ ሰዉ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አዞረ። የገባው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ሁላችንንም በየተራ አየን።

«ምን ተገኘ?»

«የልጄ ልደት ነው» አለች እናቴ።

«እንኳን አደረሳችሁ!» ብሎ ወንበር ሳበና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «እኔስ መች ነው የምቀምሰው? ባለልደቷ ትቁረስልና።»

በዓመቱ ውስጥ ያ ዳቦ በእንግዳ ፊት ተቆርሶ አያውቅም። ቢላውን አነሣሁ። ጣቶቼ አልጨበጡትም፤ ወደቀ። ሳቅ ብዬ ደግሜ አነሣሁ። ዳቦው ላይ አሳርፌ ስጫን ከእጅ አንጓዬ እስከ ትከሻዬ እሳት ወጣ፣ ዓይኔ ውሃ ሞላ፣ ቢላው ግን የዳቦውን ጀርባ እንኳ አልሰበረም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየኝ። አስተማሪው ከአንገቱ ላይ ላቡን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ያኔ እናቴ ከኋላዬ መጥታ እጇን በእጄ ላይ አደረገች። «ሕፃን ሆና እንዲህ አብረን ነበር የምንቆርሰው» አለችው። በሹራቤ እጅጌ የተሸፈነውን እጄን ከጸሎቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካችው። ትኩሳቱን፣ እብጠቱን፣ የአንጓዎቼን ቅርጽ መዳፏ ላይ አነበበችው። ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር ቁርጥ አለ። ቢላውን እሷ ነዳችው እንጂ እኔ የለሁበትም። ሰውየው አጨበጨበ፣ ሁለት ቁራጭ በላ፣ «እደጊ» ብሎኝ ወጣ።

እናቴ ወደ ጓዳ አስገባችኝና ሹራቤን አወለቀች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንድም ቀን አልለቀቀኝም።»

አልተቆጣችም። እጆቼን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሳሎን ወጣች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰምቻታለሁ። «ልጄ አልዳነችም» አለቻቸው። «እኔ ስለቸኮልኩባት ነው የዋሸችው። በእሷ እንዳትፈርዱ።» አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያን ቀን ሳይዘምሩ አንድ በአንድ ወጡ።

አባቴ ሰኞ ማለዳ አዲስ አበባ ሄደ። ኪኒኑ አልተገኘም፤ መድኃኒት ቤቶቹ የሉትም፣ ሐኪሙም ለዘመቻ ወደ ጦር ግንባር ተልኳል ተባለ። እስኪገኝ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ዛሬ የምታዩዋቸው ጣቶቼ የተጣመሙት በእነዚያ ሳምንታት ነው። እናቴ ሽንት ቤት የጨመርኩት ብልቃጥ ነው ትላለች፤ እኔ የዋሸሁት ውሸት ነው እላለሁ። አንዳችን ለአንዳችን ልንተወው አልቻልንም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የምታለብሰኝ እሷ ሆነች። አንድ ቀን ለትምህርት ቤት ስታዘጋጀኝ መሬት ላይ ተንበርክካ የጫማዬን ማሰሪያ አሰረችና አልነሣ አለች። ከውጭ የአህያ ጋሪ ኮቴ ይሰማል፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ ጀርባዋ ላይ አርፋለች። ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አስደገፈች።

«አሁንስ ያምሻል?» አለች፣ ቀና ሳትል።

የምትፈልገውን መልስ አውቀው ነበር። አፌ ላይም ደርሶ ነበር።

«አዎ፣ እማዬ። በጣም ያመኛል።»

«እሺ» አለች። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ እስኪያበቃ እንደዚያው ሆነን ቆየን።