ፖስታ ቅዳሜ ብቻ

ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የተሰበሰቡት ሁሉ ቢረሱት እኔ ልረሳው አልችልም፤ የእጄ ጽሑፍ ነው።

በደርግ ዘመን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ እንኖር ነበር። ሥራዬ የቡና መጋዘን ጥበቃና ምዝገባ ሲሆን በተጨማሪ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ለቡና ለቀማ ወደዚያ አገር በመጣሁበት ዓመት በጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍና ሰው ከጣለው ጋዜጣ ፊደል ቆጠርሁ። ከዚያ በኋላ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ፣ ደብዳቤ የማነብ እኔ ሆንሁ። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለው፤ በመከራ ያገኘውን ነገር ሁሉ ሕግ ያደርገዋል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፖስታ ቤት አልነበረንም። ከሚዛን የሚመጣው አውቶቡስ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የፖስታውን ከረጢት ከአንድ ባለሱቅ ደጅ ያወርዳል። ባለሱቁ የቀበሌው የፖስታ ወኪል ነበር። ደብዳቤዎቹን ይለያል፤ የከተማውን ሰው እሱ ያድላል፤ ቡናው ውስጥ ላሉት መንደሮች ደግሞ አንድ መልእክተኛ በእግሩ ይዞ ይሄዳል። የሁለቱንም አበል የሚከፍለው ቀበሌው ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዳሱ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራና፣ ከየት ገንዘብ እናምጣ አለ። ፖስታው በሳምንት አንድ ቀን ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ቀረበ። መልእክተኛው ከኋላ ተነሣ። ብዙ የማይናገር ሰው ነበር።

«ከረጢቱ ግማሽ አይሞላም ትላላችሁ፤ እውነት ነው፤ አይሞላም» አለ። «ግን ሰው መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ለከረጢት አይደለም። ለአንድ ወረቀት ነው።»

እኔ መለስሁለት። «ወረቀት አይበላሽም። ቡና እንኳ መጋዘን ውስጥ ስድስት ወር ይቀመጣል።»

«ጓድ ጸሐፊ ሁሉን ነገር በቡና ነው የሚመዝነው!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ፖስታ ቅዳሜ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ የመንደሩም ሰው ራሱ መጥቶ ይወስዳል ተባለ። መልእክተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አጣ።

በዚህ ላይ አንድ አንቀጽ የጨመርሁት እኔ ነኝ። ባለሱቁ ለወዳጆቹ ደብዳቤ አስቀድሞ እየሰጠ ሌላውን ያጉላላል ይባል ነበር። ስለዚህ «ከቅዳሜ በፊት ለማንም ሰው፣ በማናቸውም ምክንያት፣ ደብዳቤ አይሰጥም» ብዬ ጻፍሁ። ዓረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ። ደጋግሜ አነበብሁት።

በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ማሠልጠኛ ነበር። የቀበሌውን ምልምሎች ዝርዝር የጻፍሁትም እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ጽፌ የእኔን መተው አልቻልሁም። እናቱ በዚህ አልወቀሰችኝም። የቤንች ሰው ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፤ ዝምታዋ ግን ረጅም ነበር። ደብዳቤ መጣ ወይ ብላ ብቻ ትጠይቅ ነበር።

ውሳኔው በወጣ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከቡና መንደር አንዲት አሮጊት መጡ። ባለሱቁ ደብዳቤ እንዳላቸው ነግሮ፣ ፈቃድ ከጸሐፊው ነው ብሎ ወደ መጋዘኑ ላካቸው። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር።

«ቅዳሜ ይምጡ እማማ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ከረጢቱ ደርሷል አይደል?»

«ደርሷል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

«ቅዳሜን።»

«አይ እናንተ! ቅዳሜ ደግሞ ምን ሊጨምርበት ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ በመጡበት ተመለሱ። የአራት ሰዓት መንገድ ነው።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ በባለሱቁ ደጅ ሳልፍ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ጎራ ይበሉ።»

«ምነው?»

«ስኳር መጥቷል።»

«ስኳር በኩፖን ነው።»

«ይሄኛው ኩፖን አይጠይቅም» አለና ከባንኮኒው ሥር የአንድ ፖስታ ጫፍ አሳየኝ። ጽሑፉን አወቅሁት። ልጄን መጻፍ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ፊደሉ እንደ እኔ ወደ ግራ ጋደል ይላል።

«ማንም አላየ፤ ይውሰዱት።»

«የትናንቷን ሴትዮ አይተሃታል?» አልሁት።

«አይቻታለሁ።»

«እሷን ምን ልበላት?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የወታደር ደብዳቤ ነው! የልጅዎ!»

«መልሰው።»

«እኔ እኮ—»

«መልሰው አልሁህ።»

መለሰው። «አይ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገዛል?» አለ፤ ግማሹ ቀልድ ነበር። እኔ እንደ ምስጋና ቈጠርሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ቤት ስሄድ ቀጥ ብዬ ነበር የምራመድ።

ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ዓርብ ማምሻውን ጎደሬ እየላጠች «ደብዳቤ ቆየ» አለች። «ነገ ቅዳሜ ነው» አልኋት። ውሸት አልነበረም። እውነት ተናግሮም መደበቅ እንደሚቻል ያን ቀን ተማርሁ፤ ከማንም አልተማርሁትም፤ ይህንንም በራሴ ነው።

ቅዳሜ ወረፋ ያዝሁ። አሮጊቷም ነበሩ። የእሳቸውን ተቀበሉ፤ የእኔን ተቀበልሁ። ፖስታውን መንገድ ላይ አልከፈትሁም፤ በእኛ ቤት ደብዳቤ የሚከፈተው በእናቱ ፊት ነው። ተቀመጠች። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ገጽ እንደ ደንቡ ሰላምታ ነበር። ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለታናናሾቼ፣ ለጎረቤቶቻችን በየስማቸው፣ ለላሟም ጭምር። እናቱ የላሟን ስትሰማ ፈገግ አለች። ገጹን ገለበጥሁ። ቀድሜ ስላላየሁት ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ነው እኔም የሰማሁት።

«ሥልጠና ጨርሰናል። አሁን ጅማ ነን። እስከ ዓርብ እዚህ ነን፤ ዓርብ ማታ ወደ ሰሜን እንሄዳለን። ወላጅ መጥቶ እንዲጠይቀን ተፈቅዷል። እናቴን ይዘሃት ና።»

ማንበቤን አላቆምሁም። ማቆም ነበረብኝ መሰለኝ፤ አላቆምሁም። በመጨረሻው መስመር ለእናቱ በቋንቋዋ ጥቂት ቃል በፊደል ጽፎላታል። ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ የማውቀው የገበያውን ያህል ብቻ ነው። እንደምንም አነበብሁት።

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምሁት። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

«መቼ መጣ?» አለች።

«ማክሰኞ።»

«አንተ መቼ አወቅህ?»

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ» አለች። ተነሥታ ድስቱን ጣደች። ሐሙስ ጧት በአውቶቡስ ወጥተን ቢሆን ዓርብ እኩለ ቀን ሳይሞላ ጅማ ነበርን። ምሳ አቀረበች። በላሁ። ጨው ይነሰው ይብዛው ትዝ አይለኝም። ከሰዓት በኋላ መጋዘን ገብቼ ጆንያ ቆጠርሁ፤ ቍጥሩ ልክ ነበር።

የተሰማኝን ጻፍ ብባል የምጽፈው የለኝም። ዝናብ ውስጥ ቆይቶ እጁ የደነዘዘ ሰው ክብሪት ቢሰጡት መያዙን አያውቅም። እንደዚያ ነበርሁ። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ቆየሁ።

በሦስተኛው ወር ሊቀመንበሩ የፖስታው አሠራር ለስብሰባ እንዲቀርብ አዘዘ። ሪፖርቱን ቤት ተቀምጬ አዘጋጀሁ። «ከሕዝብ የቀረበ ቅሬታ የለም» ብዬ ጻፍሁና፣ እንደ ልማዴ ድምፄን አሰምቼ አነበብሁት። ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች።

«እኔ አለኝ» አለች።

«ምን?»

«ቅሬታ። ጻፍልኝ።»

«አንቺ... እኔው ቤት—»

«ለሰው ሁሉ ትጽፍ የለም? ለእኔም ጻፍ።»

ወረቀት አወጣሁ። «ጉዳዩ» ብዬ ስጀምር በእጇ ከለከለችኝ። «እሱን ተወው። እኔ ያልሁትን ብቻ።» የተናገረችውን ጻፍሁ፤ ሦስት መስመር ነው፤

«ደብዳቤ ማክሰኞ መጣ።
ቅዳሜ ሰጡን።
ልጄ ዓርብ ሄደ።»

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኋት። በመሠረተ ትምህርት ዳስ ስንቱን ሳስተምር እሷን ስሟን መጻፍ አላስተማርኋትም ነበር። ይህንንም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በስብሰባው ላይ ወረቀቱን ቆሜ አነበብሁት።

«የማን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የባለቤቴ።»

«በማን ላይ ነው ቅሬታው?»

«በእኔ ላይ።»

የሳቀ አልነበረም። መልእክተኛው ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ማክሰኞም እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ያለ ክርክር አለፈ። የዳሱ ጣሪያ እንዳፈሰሰ ቀረ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍሁ፤ ያችን ደስ ያለችኝን ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰረዝኋት።

ለልጆቼ፣ ሕግ ከራስ ይጀምራል እያልሁ አስተምር ነበር። አሁንም እላለሁ፤ ትክክል ነው። ግን አሮጊቷን እንቢ ካልሁ በኋላ የራሴንም እንቢ ማለቴ ፍትሕ መስሎኝ ነበር። ፍትሕ አሮጊቷን አስጠርቶ ለሁለታችንም ማክሰኞውኑ መስጠት ነበር። ይህ ሐሳብ ረቡዕ አልመጣልኝም። የመጣልኝ በዓመቱ ነው።

ከልጄ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ጦርነቱ አለቀ፤ የተመለሱት ተመለሱ። በእነዚያ ዓመታት ማክሰኞና ቅዳሜ ሳላቋርጥ ባለሱቁ ዘንድ እሄድ ነበር። ከሩቅ ሲያየኝ፣ እንዳልደክም ብሎ፣ ራሱን በአሉታ ይነቀንቅልኛል። እኔ ግን እገባለሁ፤ ወረፋዬን ይዤ እቆማለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ እጠይቃለሁ።

«የለም ጋሼ» ይለኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አትጠይቀኝም። እኔ ግን እነግራታለሁ፤ በዚያው በመጣሁበት ቀን።