የጽዳቱ ሰውዬ ሩሲያኛ

አቶ ደረጄ በሶቪየት ዘመን ሞስኮ ስድስት ዓመት ተቀምጠው የእንስሳት ሕክምና ተምረዋል። ዛሬ በስደት አገር፣ ኖርዝ ዮርክ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የምርምር ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወለል ይወለውላሉ። ዲፕሎማቸው ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቆንጂት ብርድ ልብስ ባወጡ ቁጥር አብሮ ይወድቃል።

ተመራማሪዎቹ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልብ ወለድ ያነባሉ። ያን ሰሞን የያዙት የሩሲያ መጽሐፍ ነበር፤ ተራውን ሰው በሳይንስ አሻሽላለሁ በሚል ምሁር ላይ የሚያላግጥ። አቶ ደረጄ ያን ቀን ባልደረባቸውን ሰላሙን ተክተው ቀደም ብለው ገብተዋል። ቅርጫት ሲገለብጡ የክፍሉ ኃላፊ፣ አንዲት ፕሮፌሰር፣ አንድ መስመር እያነበበች ምሁሩ ምን ያህል የተከበረ ሰው እንደሆነ ታስረዳለች።

«ይቅርታ፣ በሩሲያኛው ያ ‹የተከበረ› የሚለው ቃል ሹፈት ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ፕሮፌሰሯ ዓይኗ በራ። «የሚመጣው ሐሙስ አብረውን ይቀመጡ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ቆንጂት ነገሩን ሲሰሙ «እርግጠኛ ነህ? ጠረጴዛው ቆሽሾ እንዳይሆን» አሉ። ቢሆንም ሱፉን ተኮሱላቸው።

ሐሙስ ደረሰ። «ደረጄ ይባላሉ፤ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ» ስትል ፕሮፌሰሯ አስተዋወቀቻቸው። አቶ ደረጄ ጠፍቶ የተገኘ ጃንጥላ የሆኑ መሰላቸው። ወዲያው ጥያቄ መጣ፤ ደራሲው የሚስቀው በማን ላይ ነው? አብዛኞቹ ምሁሩ ሊያሻሽለው በሚሞክረው ባለጌ ድሃ ላይ ነው አሉ።

«ለእኔ» አሉ አቶ ደረጄ፣ «የሰው ልጅን አሻሽላለሁ እያለ የራሱን ካፖርት እንኳ ሌላ ሰው በሚያለብሰው ምሁር ላይ ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ ፕሮፌሰሯ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ኩባያቸውን እንደተለመደው ጠረጴዛው ላይ ትተው ተነሡ። የአቶ ደረጄ እጅ በልማድ ወደ ኩባያዎቹ ሄደ፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ደረጄ፣ እነዚህን...» ብላ ጀመረች ፕሮፌሰሯ።

«ሥራ የምገባው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው» አሏት በትሕትና።

ፊቷ ቀላ። እጅጌዋን ሰብስባ ኩባያዎቹን ራሷ አጠበች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አቶ ደረጄ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ኩባያዎቹን አዩ። የቡናው ክብ ምልክት ውስጣቸው እንዳለ ነው። እንደገና አጠቧቸው።

ማታ ወይዘሮ ቆንጂት «እና፣ ፕሮፌሰሯ እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ጎበዝ ናት» አሉ ጫማቸውን እያወለቁ። «ትንሽ ልምምድ ብቻ ነው የሚቀራት።»