ዝናብ አይታማም

አያቴ የዳባት ገበሬ ነበሩ። እሳቸው ባሉበት ዝናብ አይታማም ነበር።

አንድ የክረምት ቅዳሜ የፋሲል ግንብን ላሳያቸው ጎንደር ወሰድኳቸው። ገና ግቢው ውስጥ ከመግባታችን ዶፉ ወረደብን። እኔ በሩ ሥር ተጠልዬ፣ «ይሄ ዝናብ ቀናችንን አበላሸው» አልኩ። እሳቸው ጋቢያቸው እየተንጠባጠበ ዞር አሉና፣

«ይቅርታ ጠይቅ» አሉኝ።

«ማንን፣ አባባ?»

«ዝናቡን ነዋ! ገብሴ እሱን ሲጠብቅ አይደል የከረመው?»

ወደ ሰማይ ቀና ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ጎብኚዎቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ በደባርቅ አድርገን ወደ ተራሮቹ ፓርክ፣ ቡይት ራስ ወደሚባለው አፋፍ ወጣን። ጭጋጉ ገደሉንም ጭላዳ ዝንጀሮውንም ሸፍኖት ምንም ሳናይ ዋልን። እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዘንድሮ ገብሳቸውን በዘሩ በሳምንቱ አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ዝናቡ አላባራ ሲል አንድ ለቀስተኛ፣ «ምን ዓይነት ቀን ነው!» ብሎ አማረረ። ዓይኔ እሳቸውን ፈለገ። የሚቆጣው ሰው አልነበረም፤ እኔው ተቆጣሁት።

ከተዝካራቸው ማግስት ማሳቸው ዳር ቆምኩ። ገብሱ ጉልበቴ ደርሷል። ዝናቡ ሲጀምር ጃንጥላዬን አጠፍኩና፣ «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት።