በዝናብ ያስቀረሁት የደብረ ኤልያስ ጉዞ

«አንተስ፣ ዝናቡ አስፈራህ?» ሲሉ የኔታ ዛሬ ከቀትር በኋላ በስልክ ጠየቁኝ። የደወሉት በጥበቡ ስልክ ነበርና ባልንጀራዬ ጥሎኝ መሄዱን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ከጥበቡ ጋር ቅኔ ያስተማሩንን መምህር ለመጠየቅ ዛሬ እሑድ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ልንሄድ ተቃጥረን ነበር።

ትናንት ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እኔም «ጉዞው ይቅር፤ እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም» ብዬ ወሰንሁ። ጥበቡ «እሺ፣ አንተ ዕረፍ» አለኝ። እሺታው እኔን ብቻ የሚመለከት መሆኑን አላስተዋልሁም።

ዛሬ ስልኩን ከየኔታ ተቀብሎ፣ «አትቀየመኝ፤ የመጣሁት እኮ ስለ ዘነበ ነው። የየኔታ ጎጆ እንደሚያፈስ ረሳኸው? ክዳኑን ስጠግን ዋልሁ» አለኝ።

በሰንበት ሥራ ሠራህ ብዬ ልገሥጸው ቃጣኝ። ሆኖም ጉድጓድ የገባን በሬ በሰንበት ማውጣት መፈቀዱ ትዝ አለኝ።

ከኋላው የኔታ «የእኔ አንበሳ፣ ና እሳቱን ሙቅ!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ በእግራቸው ሥር ዘጠኝ ዓመት ስማር አንድ ቀን እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

ቅናት ኃጢአት መሆኑን ለሌሎች ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ቀናሁ፤ በእግሩ ጭቃ ሳይቀር ቀናሁበት። እኔ ደረቅ ጋቢ ለብሼ፣ ጃንጥላዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ።

ወዳጆቼ፣ እናንተ ስለ ዘነበ የቀራችሁበት፣ ሌላው ግን ስለ ዘነበ የሄደበት መንገድ ካለ ጻፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን መቅናት ከብዶኛል።