ለአባቴ የተፈተለ በርኖስ

ባሌን ፈትቼ ወላጆቼ ቤት በተመለስኩበት ዓመት አባቴ የሚሟገትባት አንዲት የገብስ መሬት ነበረችን። ጎረቤታችን ድንበር ገፍቶ ይዟት ነው። ከእሷ ሌላ ያለን መሬት ድንጋይ ብቻ ስለሆነ፣ ከቀረች ስደት ነበር የሚጠብቀን። ሙግቱ የሚታየው አንኮበር ነው። አባቴ ደግሞ የሚለብሳት ደበሎ ፀጉሯ ተመልጦ አልቃለች። “እንዲህ ሆኜ ዳኛ ፊት ብቆም ማን ሰው ይለኛል?” እያለ ቀጠሮውን ይገፋል። በርስት ቀልድ የለምና እናቴ በርኖስ ልትሠራለት ተነሣች።

የአገራችን በግ ፀጉሩ ሁለት ነው፤ ላዩ ሸካራ፣ ሥሩ ለስላሳ። ለባና፣ ለሌሊት መልበሻው ወፍራም ጨርቅ፣ ሲሆን ሁሉም ተደባልቆ ይፈተላል፣ የሚጨነቅ የለም። እናቴ ግን የጥቁሮቹን ጠቦቶች ፀጉር ብቻ ወስዳ ሸካራውን አንድ በአንድ እየለቀመች ትጥላለች። የቀረውን ከንፈሯ ላይ ታሻሸዋለች፤ ከኮሰኮሳት እንደገና ልቀሚ ትለኛለች። ከአንድ በግ የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም። ክረምቱ በዚህ አለፈ፣ በጋውም በዚሁ። ዳኛውንም፣ በጉንም፣ አባቴንም እኩል የምረግምበት ቀን ነበር። ደክሞኝ ነበር። እሷ ከእኔ ብሳ ደክማ እንኳ እንዝርቷን አታስቀምጥም።

ሸማኔው ሠርቶ ሲመልስልን፣ እንዲጠብቅና ዝናብ እንዳያስገባ፣ ሙቅ ውሃ እያፈሰስን ግድግዳ ተደግፈን በእግራችን ረገጥነው። የእናቴ ጉልበት ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ሲደርቅ አባቴ ደረበው። ከአሊዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ጫፉን ዳብሶ “ማሻ አላህ” አለ። አባቴ ቀና ብሎ ወደ አንኮበር ሄደ።

የተመለሰው በእጀ ጠባቡ ብቻ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ ነው። መሬቷ ተፈርዳለታለች። እሳት ዳር አስቀምጠን እስኪናገር ጠበቅን። ደጅ ጠንቶ ጠንቶ የሚሰማው ሲያጣ በርኖሱን አውልቆ ለዳኛው እጅ መንሻ አቀረበ፤ በማግስቱ ነገሩ ታየለት። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ምን ላድርግ?” አለ፣ እናቴን ሳያይ።

እናቴ አልተቆጣችም። “ደረበው?” ብቻ አለች።

አባቴ እሳቱን ሲቆሰቁስ ቆየ። “የዳኛው በቅሎ አልቧት ነበር” አለ በመጨረሻ፣ “አሽከሩ እሷ ላይ ጣለው።”

እናቴ ተነሥታ የሚበላ አቀረበችለት።

የዚያችን መሬት ገብስ እስከ ዛሬ እንበላለን፣ ተመስገን ነው። በክፉው ቀን በሬው ሁሉ ባለቀ ጊዜ እንኳ በእጃችን እየቆፈርን ነፍሳችንን ያቆየናት በእሷ ነው። እናቴም እስክትሞት ፈትላለች፤ ባና ብቻ። ልማድ ሆኖብኝ ሸካራውን ልለቅም ስል እጄን ትይዘኝ ነበር።

“ተይው ልጄ” ትለኝ ነበር፣ “ይደባለቅ።”